አራት ጓንት

ከጣሪያው ጫፍ የተናደ የመጋቢት በረዶ ነው የሰበረው
የአጎቴን የጀልባ መስታወት፣ ብርዱን ሁሉ ሸራ ለብሶ የከረመው።
ፋብሪካው ድሮ ተዘግቷል፤ ሻጩ በስልክ የጠራው ዋጋ
ሌላ ጀልባ ይገዛ ነበር፣ ሞተር ያለው፣ ባለ አልጋ።

አጎቴ ኦስሞ ሰው አይለምንም።
አምስት ሚሊሜትር ውፍረት ያለው፣ የጠራ ፕላስቲክ ገዝቶ መጣ፤
ሳውና ውስጥ አስገባው መጀመሪያ፣ ራሱም አብሮት ገባ።
ዘጠና ዲግሪ ላይ፣ ከላይኛው መደብ፣ አንድ ሰዓት ተቀመጡ ጎን ለጎን፤
ኦስሞ ቀልቶ፣ ለስልሶ ወጣ፤
ፕላስቲኩ እንደገባ ወጣ፣
ቀጥ እንዳለ፣ እንደ ዳኛ።

መቶ ስድሳ ይፈልጋል።
በፒየሊነን ሐይቅ ዳር ያን ያህል አፉ የሰፋ ምድጃ
አንድ ብቻ ነው፣ አያቴ በጡብ የሠራው፤
እሱም ያለው እኛ ቤት ነው።

አያቴ ሲሞት ቤቱ ለእናቴ፣ ጀልባው ለኦስሞ ደረሰ፤
ከዚያ ወዲህ ሐይቁ ሰባቴ ረጋ፣ ሰባቴ ፈሰሰ፤
የአጎቴ እግር ወደ ደጃችን አንድም ቀን አልተመለሰ።

ቅዳሜ ጠዋት መጣ፣ ፕላስቲኩን እንደ ጋሻ ከፊቱ ይዞ።
"ምድጃሽ ግሏል?" አለ።
እናቴ ሄልቪ ጥቁሩን ዳቦ አውጥታ መጨረሷ ነበር።
ሰላምታ አልመለሰችም፤ ያልተሰጣትን ምን ትመልስ?

እሱ የሙቀት መለኪያ ይዟል። እሷ ከምድጃው ወለል ዱቄት በተነች፣
እስኪጠቁር ቆጠረች፣
"ገና ነው፣ ያሳርረዋል" አለች።
መለኪያውን ሰርቄ አየሁ፤ ሁለት መቶ አስር። ዝም አልኩ።
ጠበቅን። ዝምታ ምድጃ ቶሎ አያበርድም።
ሦስተኛው ዱቄት እንደ ገለባ ብቻ ሲወይብ "አሁን" አለች፤
መቶ ስድሳ ሁለት።

ቅርጹን ኦስሞ ከበርች ሳንቃ ጠርቦ፣ እንደተገለበጠ ገንዳ አጉብጦ፣
በአያቴ የፍላኔል ሸሚዝ አልብሶታል፣ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ቆርጦ።
ብረትን መቀጥቀጥ እንደጋለ ነው ይላሉ፤
ይህ ግን አይቀጠቀጥም፣ ይለመናል፤
ሠላሳ ሰከንድ ያህል ጆሮ ይሰጣል፣ ከዚያ አይሰማም።

እሱ በግራ፣ እሷ በቀኝ፣ አራት ጓንት።
እንደ እርጥብ ቆዳ ተልፈስፍሶ ወጣ፤
እሱ ወደ ታች ጫነ፣ እሷ ወደ ራሷ ሳበች፤
ሲረጋ አየነው፤ አንዱ ትከሻው ከፍ፣ አንዱ ዝቅ ያለ፣
ሲያኮርፍ የደረቀ ሰው።
"ሳብሽው።"
"ጫንከው። ድሮም መጫን ነው የምታውቀው።"
አሁን በሩን በርግዶ ይሄዳል ብዬ ነበር፤
ምድጃው ግን ገና አልበረደም።
"መልሰው" አለች እናቴ።

ከዚያ የሆነውን የፊዚክስ መምህሬ ቢነግረኝ አላምነውም፤
በሙቀቱ ውስጥ፣ ማንም ሳይነካው፣ ጉብጠቱን ቀስ ብሎ ፈታ፣
ትከሻውን አወረደ፣ ተኛ፣
ማንም ስቦት እንደማያውቅ ሜዳ ሆነ።
"የቀድሞውን ያስታውሳል" አለ ኦስሞ።
"እኔም" አለች እናቴ፤
ምኑን እንደሆነ አልነገረችንም።

ሁለተኛውን ቆጥረው ሠሩት።
"አንድ" እሱ፣ "ሁለት" እሷ፣ ሦስትን ሁለቱም ዘለሉ፣
"አራት!" አሉ እኩል፣ ጓንታቸውን ጫኑ።
በልጅነታቸው መረብ ሲጎትቱ የቆጠሩት ይሆናል፤ አልጠየቅኩም።
በድንገት ከበረደ ይሰነጠቃል ብለን ብርድ ልብስ ደረብንለት፤
እስኪበርድ ዳቦው ተቆረሰ።

ብርድ ልብሱ ሲነሳ ጥርት ብሎ ጎብጧል፤ በቀኙ ጥግ ብቻ
የአያቴ ኪስ ታትሟል፣ ከነስፌቱ።
ቁልፎቹን ያስታወሰ ሰው ኪሱን ረስቶ!
"በአሸዋ ወረቀት ይጠፋል" አለ።
"አጥፋውና ታያለህ" አለችው።

በግንቦት ሐይቁ ተፈታ። እናቴ በቀኝ በኩል ተቀመጠች፣
ካፊያው ጉባጣውን እየታከከ ወደ ኋላ ሲንሸራተት እያየች።
ደሴቶቹ አንድ በአንድ ኪሱ ውስጥ ይገባሉ፣
ትንሽ ይንቀጠቀጣሉ፣ ይወጣሉ።

የእንጨቱ ቅርጽ እኛ ጋ ቀረ፤ ድመቷ ጀርባው ላይ ትተኛለች።
"ልፍለጠው?" አልኳት እናቴን።
"ተይው" አለች፣
"ወንድሜ ነው፤ ጀልባ አነዳዱን አውቀዋለሁ።"